የአንጎል እጥፋትና የአስተሳሰብ ልዩነት፦ ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች የተዘጋጀ መረጃ

የዚህ መረጃ ዓላማ

ይህ መረጃ የተዘጋጀው የልጆቻቸው የትምህርት አቀባበል፣ የንግግር ወይም የእንቅስቃሴ ዕድገት ለሚያሳስባቸው ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ እንዲሁም የአንጎል ምርመራ ውጤት በእጃቸው ይዘው ትርጉሙን ለመረዳት ለሚፈልጉ ዜጎች ነው። በመረጃው ውስጥ የአንጎል እጥፋት ምን እንደሆነ፣ ከሰው ሰው እንዴት እንደሚለያይ፣ ከማስታወስ፣ ከማንበብና ከማመዛዘን ችሎታ ጋር ያለው ግንኙነት እስከ ምን ድረስ እንደሚደርስ ተብራርቷል። በመጨረሻም በወረኢሉ፣ በመካነ ሰላምና በአካባቢው ባሉ የደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች የሚኖሩ ተገልጋዮች ደረጃውን ጠብቀው የጤና አገልግሎት የሚያገኙበት መንገድ ቀርቧል።

ጉዳዩ የሳይንስ ዕውቀት ብቻ አይደለም። አንድ ቤተሰብ ልጁ «ለትምህርት የሚሆን አንጎል» ያለው መሆን አለመሆኑን በምስል ለማየት ሲል በሬውን ሸጦ ረጅም መንገድ ሊጓዝ ይችላል። ሌላው ቤተሰብ ደግሞ በቅርብ ጤና ጣቢያ ሊታከም የሚችል ሕመም ያለበትን ልጅ «ተፈጥሮው ነው» ብሎ በቤት ሊያስቀረው ይችላል። ሁለቱም የሚመነጩት ከአንድ የተሳሳተ ግንዛቤ ነው፤ ይኸውም የልጅ ዕጣ በአንጎሉ ቅርጽ ላይ አስቀድሞ ተጽፏል ከሚለው ነው።

የአንጎል እጥፋት ምንድን ነው?

የሰው ልጅ አንጎል ውጫዊ ክፍል የአንጎል ቅርፊት ይባላል። ውፍረቱ በአማካይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ማሰብ፣ መናገር፣ ማየት፣ መስማት፣ ማቀድና ሆን ብሎ መንቀሳቀስ በአብዛኛው የሚከናወኑት በዚህ ስስ ሽፋን ተሳትፎ ነው። በመላው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉ ይገመታል፤ ከእነዚህም ውስጥ ወደ 16 ቢሊዮን የሚጠጉት በአንጎል ቅርፊት ውስጥ ይገኛሉ።

ይህ ቅርፊት ተዘርግቶ ቢታይ ከራስ ቅል ስፋት እጅግ ይበልጣል። ስለሆነም ሰፊ ጋቢ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ እንደሚታጠፍ ሁሉ የአንጎል ቅርፊትም ታጥፎና ተሸብሽቦ ይቀመጣል። ወደ ውጭ የወጣው ክፍል ጉብታ፣ ወደ ውስጥ የገባው ደግሞ ቦይ ይባላል። ከቅርፊቱ ስፋት ሦስት እጅ ሁለቱ ያህል ከላይ የማይታይ ሲሆን በቦዮቹ ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል። የወረኢሉንና የጃማን አምባ ከሩቅ ያየ ሰው ሜዳውን እንጂ በመካከሉ የተሰወሩትን ሸለቆዎች እንደማያይ፣ አንጎልን ከላይ ብቻ ያየም አብዛኛውን ክፍል አላየም።

ባለሙያዎች የእጥፋትን መጠን ለመለካት የተሰወረውንና የሚታየውን ጠርዝ ከሚታየው ጠርዝ ጋር ያነጻጽራሉ። ይህ ንጽጽር በአዋቂ ሰው አንጎል በአማካይ 2.5 ያህል ነው። ፍጹም ለስላሳ የሆነ አንጎል ቢኖር ልኬቱ 1 ይሆን ነበር።

እጥፋቱ መቼና እንዴት ይፈጠራል?

ጽንሱ በእናቱ ማሕፀን ውስጥ ሳለ በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት አንጎሉ ለስላሳ ነው። ዋና ዋናዎቹ ቦዮች ከእርግዝናው አጋማሽ አካባቢ ጀምሮ በግልጽ መታየት ይጀምራሉ። በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ግን እጥፋቱ በፍጥነት ይበዛል። ሕፃኑ በጊዜው ሲወለድ ዋና ዋናዎቹ እጥፋቶች በቦታቸው ይገኛሉ፤ ትናንሾቹና ዘግይተው የሚመጡት ግን ከልደት በኋላም መጎልበታቸውን ይቀጥላሉ።

ለእጥፋቱ መፈጠር ዋነኛ ምክንያት ተደርጎ የሚወሰደው የዕድገት ፍጥነት ልዩነት ነው። ውጫዊው ቅርፊት ከሥሩ ካለው የአንጎል ክፍል በበለጠ ፍጥነት ወደ ጎን ይሰፋል፤ ከሥሩ ጋር የተያያዘ በመሆኑም ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ተመራማሪዎች በጽንስ አንጎል ቅርጽ የተሠራና በፈሳሽ ውስጥ ሲነከር ሽፋኑ የሚያብጥ ለስላሳ አምሳል አዘጋጅተው እውነተኛውን የሚመስል እጥፋት ሲፈጠር ለማየት ችለዋል። ከዚህም ሌላ የዘር ውርስ፣ የነርቭ ሕዋሳት ከተፈጠሩበት ቦታ ወደ መድረሻቸው የሚያደርጉት ጉዞ፣ በሕዋሳቱ መካከል የሚዘረጉ ክሮችና ጽንሱ የሚያገኘው ምግብ ሁሉ ድርሻ አላቸው።

ከዚህ የምንረዳው ጠቃሚ ነገር አለ። እጥፋቱ በአብዛኛው የሚቀረጸው ልጁ በእናቱ ማሕፀን ሳለ በመሆኑ፣ አንጎልን የመንከባከብ ሥራ የሚጀምረው ከትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይሆን ከእርግዝና አስቀድሞ ነው።

ከሰው ሰው የሚታየው ልዩነት

ዋና ዋናዎቹ ቦዮች በሁሉም ጤናማ ሰዎች ላይ በተቀራራቢ ቦታ ይገኛሉ። ትናንሾቹ ግን በቁጥር፣ በርዝመት፣ በጥልቀትና በአቅጣጫ እጅግ ይለያያሉ። በዚህ ረገድ የአንጎል እጥፋት እንደ ጣት አሻራ ነው፤ ከአንድ ዕንቁላል የተገኙ መንትዮች እንኳ ፍጹም ተመሳሳይ እጥፋት የላቸውም። የአንድ ሰው ግራና ቀኝ የአንጎል ክፍልም ቢሆን አንዱ የሌላው ግልባጭ አይደለም።

ለምሳሌ በግንባር በኩል በሁለቱ የአንጎል ክፍሎች መካከል ባለው ውስጣዊ ገጽ ላይ አንዳንድ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ቦይ አላቸው። ይህ ቦይ በአንዳንዶች በሁለቱም በኩል፣ በአንዳንዶች በአንድ በኩል ብቻ ይገኛል፤ በሌሎች ደግሞ ጨርሶ አይታይም። ቦዩ የሌላቸው ሰዎች በሽተኞች አይደሉም፤ ልዩነቱ የቁመት ወይም የፊት ገጽ ልዩነት እንደሚታየው ያለ ተፈጥሯዊ ልዩነት ነው።

ጥናቶች ምን አሳዩ?

በኤም.አር.አይ. የሚነሣ ምስል በሕይወት ያለን ሰው የአንጎል እጥፋት ለማየት ካስቻለ ወዲህ፣ ተመራማሪዎች የእጥፋትን ልዩነት ከአስተሳሰብ ፈተናዎች ውጤት ጋር ማነጻጸር ጀምረዋል። ከተገኙት ውጤቶች መካከል የሚከተሉት ተጠቃሽ ናቸው።

ራስን መግዛት፦ በፈረንሳይ የተደረጉ ጥናቶች ከላይ የተጠቀሰውን የግንባር ውስጣዊ ገጽ የተመለከቱ ነበሩ። በዚህ ቦታ የግራና የቀኝ እጥፋታቸው የተለያየ ሕፃናት፣ እጥፋታቸው ተመሳሳይ ከሆነው ይልቅ ፈጥኖ የሚመጣባቸውን የተሳሳተ መልስ በመግታት የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። በ5 ዓመት ዕድሜ የታየው ልዩነት ከ4 ዓመት በኋላ በ9 ዓመትም ታይቷል። ሆኖም እጥፋቱ የችሎታውን ልዩነት የሚያብራራው በከፊል ብቻ ነው።

ማመዛዘን፦ እ.ኤ.አ. በ2021 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት በግንባር አካባቢ የሚገኙ፣ ከሁሉም ዘግይተው የሚፈጠሩ ጥቂት ትናንሽ ቦዮች ጥልቀት በልጆችና በታዳጊዎች ላይ ከማመዛዘን ፈተና ውጤት ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳይቷል።

ማንበብ፦ በግራ በኩል ባለው የአንጎል የታችኛው ገጽ ላይ ከጽሑፍ ዕይታ ጋር የተያያዘ ቦታ አለ። በዚህ ቦታ የሚያልፈው ቦይ በአንዳንድ ሰዎች ያለማቋረጥ ይሄዳል፤ በሌሎች ደግሞ ይቋረጣል። ቦዩ የተቋረጠባቸው ሰዎች በአማካይ በማንበብ ፈተና የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። ጥናቱ በአዋቂነታቸው ፊደል የቆጠሩ ሰዎችንም ጨምሯል።

እውነቱን ከምናብ መለየት፦ በእንግሊዝ የተደረጉ ጥናቶች የግንባሩ ተጨማሪ ቦይ በሁለቱም በኩል የማይታይባቸው ጤናማ ሰዎች፣ አንድን ነገር በእርግጥ አይተውት ወይም በሐሳባቸው ስለውት እንደሆነ በማስታወስ ረገድ በአማካይ ይበልጥ እንደሚሳሳቱ አሳይተዋል።

ጥናቶቹ የማያሳዩት

እነዚህን ውጤቶች በትክክል ለመረዳት አራት ነገሮችን ማስተዋል ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ውጤቶቹ የብዙ ሰዎች አማካይ ናቸው። ግንኙነቱ ቢኖርም ደካማ ወይም መጠነኛ ነው። ስለዚህ ከአንድ ልጅ ምስል ተነሥቶ ስለዚያ ልጅ ችሎታ መናገር አይቻልም። የደጋ ገበሬ ማሳ በአማካይ ከሌላው የተሻለ ገብስ ቢሰጥም፣ አንዱን ማሳ ከሩቅ አይቶ የዘንድሮውን ምርት መቁጠር እንደማይቻል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ግንኙነት መኖሩ ምክንያት መሆንን አያረጋግጥም። እጥፋቱ ችሎታውን አስገኘ ወይስ ሁለቱም ከሌላ ሦስተኛ ምክንያት መነጩ የሚለው ጥያቄ ገና በምርምር ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ የእጥፋት ብዛት የዕውቀት መለኪያ አይደለም። የዝሆንና የዶልፊን አንጎል ከሰው አንጎል ይበልጥ የታጠፈ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የራስ ቅልን ጉብታ በመዳሰስ የሰውን ጠባይና ችሎታ እናውቃለን የሚሉ ሰዎች ብዙ ተከታይ አፍርተው ነበር፤ ትምህርታቸው ግን በማስረጃ ሳይደገፍ ቀርቶ ተጥሏል። የታዋቂው የፊዚክስ ሊቅ የአልበርት አንስታይን አንጎል እ.ኤ.አ. በ1955 ከሞተ በኋላ ተወስዶ ሲመረመር አንዳንድ ያልተለመዱ እጥፋቶች ታይተውበታል። ይሁን እንጂ የአንድ ሰው አንጎል ብቻውን ስለ ሊቅነት ምንጭ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

አራተኛ፣ ትምህርት የራሱ ኃይል አለው። ከላይ በተጠቀሰው የንባብ ጥናት ቦያቸው የተቋረጠም ሆነ ያልተቋረጠ ሰዎች ማንበብ የቻሉት ስለተማሩ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው የትኛውም ዓይነት እጥፋት ቢኖረው አያነብም።

ከኢትዮጵያ ምድር የተገኘ ማስረጃ

የአንጎል እጥፋት ጥናት ከኢትዮጵያ ጋር የቅርብ ትስስር አለው። ከወሎ ደጋ በስተምሥራቅ በአፋር ክልል በዲኪካ እ.ኤ.አ. በ2000 በኢትዮጵያዊው ተመራማሪ በፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራ ቡድን የአንዲት ሕፃን ቅሪተ አካል አግኝቷል። ሕፃኗ ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች ስትሆን «ሰላም» የሚል ስያሜ ተሰጥቷታል። እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ወይም ሉሲ የዚሁ ዝርያ አባል ናት።

አንጎል ለስላሳ አካል በመሆኑ አይቆይም። ነገር ግን በሕይወት ሳለ በራስ ቅሉ ውስጠኛ ገጽ ላይ የቦዮቹንና የጉብታዎቹን አሻራ ይተዋል። ተመራማሪዎች የሰላምን የራስ ቅል በፈረንሳይ ግረኖብል ከተማ በሚገኝ ኃይለኛ የራጅ ጨረር መሣሪያ አስነሥተው አሻራውን መርምረዋል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲታተም ሁለት ነገሮች ታወቁ። የመጀመሪያው፣ የዚህ ዝርያ የአንጎል እጥፋት አቀማመጥ ከሰው ይልቅ ወደ ዝንጀሮ መሰል እንስሳት የቀረበ ነበር። ሁለተኛው፣ የሕፃኗ አንጎል ዕድገት ግን እንደ ቺምፓንዚ ፈጣን ሳይሆን ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስድ ነበር።

ይህ ለወላጆች የሚሰጠው ትምህርት አለ። አንጎል ረጅም የልጅነት ጊዜ ወስዶ ማደጉ ከጥንት ጀምሮ የመጣ ባሕርይ ነው፤ በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ ልጁ ከአሳዳጊዎቹ የሚያገኘው ምግብ፣ ንግግር፣ ጨዋታና ጥበቃ የአንጎሉ ዕድገት አካል ነው።

የአንጎል እጥፋት በበሽታ ሲታወክ

ከተፈጥሯዊው ልዩነት የተለየና ሕክምና የሚያስፈልገው የእጥፋት መዛባትም አለ። ይህ በቁጥር ጥቂት በሆኑ ልጆች ላይ የሚታይ ነው። አንጎሉ ሳይታጠፍ ለስላሳ ሆኖ ሲቀር፣ ወይም እጅግ የበዙና የደቀቁ እጥፋቶች ሲፈጠሩ፣ ልጁ በአብዛኛው የሚጥል በሽታ፣ የእንቅስቃሴ መዘግየትና ከባድ የመማር ችግር ይገጥመዋል። መነሻው የዘር ውርስ ለውጥ ወይም በእርግዝና ወቅት ጽንሱን ያጠቃ ተላላፊ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ የእናት ጥፋት፣ እርግማን ወይም የቡዳ ሥራ አይደለም።

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትም ልዩ ክትትል ያሻቸዋል። እጥፋቱ በፍጥነት የሚበዛበትን የመጨረሻ የእርግዝና ጊዜ ከማሕፀን ውጭ ስለሚያሳልፉ፣ አንዳንዶቹ በኋላ በትምህርትና በትኩረት ረገድ ድጋፍ ሊፈልጉ ይችላሉ። ሕፃኑን ከእናቱ ገላ ጋር ቆዳ ለቆዳ አድርጎ ማሞቅ፣ የእናት ጡት ወተት ብቻ መስጠትና የክትትል ቀጠሮን ማክበር እጅግ ይጠቅማቸዋል።

የአንጎል ምስል መቼ ያስፈልጋል?

የአንጎል ምስል የሚታዘዘው በሐኪም ነው። በአብዛኛው የሚታዘዘውም ልጁ የሚጥል በሽታ ካለበትና ሐኪሙ ተጨማሪ ምክንያት መኖሩን ከጠረጠረ፣ የጭንቅላቱ መጠን ከዕድሜው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ከሆነ ወይም በፍጥነት ካደገ፣ ቀድሞ ይችል የነበረውን ነገር እየተወ ከመጣ፣ አንዱ የአካል ክፍሉ ከደከመ፣ ወይም በጭንቅላቱ ላይ ከባድ አደጋ ከደረሰበት ነው።

በአንጻሩ የልጅን የትምህርት ችሎታ፣ የወደፊት ሙያ ወይም ጠባይ ለማወቅ ሲባል የአንጎል ምስል አይነሣም። ይህን በምስል የሚተነብይ ተቀባይነት ያለው የሕክምና ምርመራ በየትኛውም አገር የለም። እንዲህ ያለ አገልግሎት በክፍያ እንሰጣለን የሚሉ ሰዎች ካጋጠሙዎት ገንዘብዎን ከመክፈልዎ በፊት በአቅራቢያዎ ያለውን የጤና ባለሙያ ያማክሩ።

በእጅዎ ባለው የምርመራ ውጤት ላይ «የተለመደ ልዩነት» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ቢሰፍር ይህ በሽታ ማለት አይደለም። ውጤቱን ወደ አዘዘው ሐኪም ይመልሱ፤ በቃል እንዲያብራራልዎ መጠየቅም መብትዎ ነው።

ለአንጎል ጤና ከእርግዝና በፊት ጀምሮ የሚደረግ ጥንቃቄ

ፎሊክ አሲድ፦ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚገኙበት የነርቭ ቱቦ ተዘግቶ የሚያልቀው ከጽንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን አካባቢ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ገና አያውቁም። ስለዚህ ለማርገዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ ወደ ጤና ተቋም ሄዳ ስለ ፎሊክ አሲድ እንክብል መጠየቅ ይኖርባታል። ባቄላ፣ ምስር፣ ሽንብራና ጎመንም የዚህ ንጥረ ነገር ምንጮች ናቸው።

አዮዲን፦ አዮዲን ያነሳት ነፍሰ ጡር የምትወልደው ልጅ የአንጎል ዕድገት ሊጎዳ ይችላል። በደጋማ አካባቢዎች አፈሩ በዝናብ ስለሚታጠብ ከእህሉ የሚገኘው አዮዲን አነስተኛ ነው፤ የእንቅርት በሽታ በእነዚህ አካባቢዎች የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል። ሲገዙ አዮዲን ያለው መሆኑ የተጻፈበትን የታሸገ ጨው ይምረጡ። አሞሌ ጨው አዮዲን አልተጨመረበትም። ጨውን በተከደነ ዕቃ ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከምድጃ አርቀው ያስቀምጡ፤ ወጥ ውስጥም ከእሳት ሊወርድ ሲል ይጨምሩ።

ክትትልና ወሊድ፦ ነፍሰ ጡር እናት ማርገዟን እንዳወቀች ክትትል ትጀምር። ቤቷ ከጤና ተቋም የራቀ ከሆነ የመውለጃ ቀኗ ሲቃረብ በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ መቆየት ትችላለች። በምጥ ወቅት ሕፃኑ አየር ካጠረው አንጎሉ ሊጎዳ ስለሚችል በጤና ተቋም መውለድ የአንጎል ጥበቃ ነው።

መጠጥ፦ በእርግዝና ወቅት አረቄ፣ ጠላ፣ ጠጅ ወይም ሌላ የአልኮል መጠጥ መውሰድ የጽንሱን አንጎል ይጎዳል። ጫትና ሲጋራም ሊወገዱ ይገባል።

ከልደት በኋላ፦ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ መስጠት፣ ከ6 ወር ጀምሮ የተመጣጠነ ተጨማሪ ምግብ ማስጀመር፣ ክትባትን ማሟላት፣ ከሕፃኑ ጋር ማውራት፣ ተረት መንገርና ማጫወት ወጪ የማይጠይቁ ወይም ጥቂት ወጪ ብቻ የሚጠይቁ የአንጎል እንክብካቤ መንገዶች ናቸው።

የዕድገት መዘግየት ምልክቶች

ልጅዎ ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱን ካሳየ ሳይዘገዩ ለጤና ባለሙያ ያሳዩ።

በ3 ወር ዕድሜው ፊትዎን አይቶ ፈገግ የማይል፤ ለድምፅ የማይደነግጥ ወይም የማይዞር።
በ9 ወር ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ።
በ18 ወር ያለ ድጋፍ የማይራመድ ወይም ምንም ቃል የማይናገር።
በ2 ዓመት ሁለት ቃላትን አገናኝቶ የማይናገር።
በማንኛውም ዕድሜ የሚጥለው፣ ዐይኑን አፍጥጦ ለጥቂት ጊዜ የሚሄድበት፣ ወይም ይችለው የነበረውን የሚተው።

ለትምህርት የደረሰ ልጅ ፊደል መለየት ሲያቅተው መጀመሪያ የሚታየው ዐይኑና ጆሮው ነው። ሰሌዳ የማይታየው ወይም ጆሮው የሚመግልበት ልጅ «ደካማ» ተብሎ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። የደም ማነስ፣ የእንቅርት በሽታ፣ የምግብ እጥረትና የአንጀት ጥገኛ ትላትሎችም ትኩረትን ይቀንሳሉ፤ ሁሉም ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው።

በወረኢሉ፣ በመካነ ሰላምና በአካባቢው አገልግሎት ለማግኘት

በወረኢሉ፣ በጃማ፣ በለጋምቦ፣ በከላላ፣ በወግዲና በቦረና ወረዳዎች የሚኖሩ ተገልጋዮች የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንዲጠብቁ ይመከራል።

1. በቅድሚያ የቀበሌዎን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያነጋግሩ። ባለሙያዋ የልጁን ክብደትና የዕድገት ሁኔታ አይታ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች።

2. በጤና ጣቢያ የልጁ ታሪክ ይወሰዳል፤ አጠቃላይ ምርመራም ይደረጋል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊጀመር ይችላል።

3. ተጨማሪ ምርመራ ሲያስፈልግ ጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ጽፎ በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ይልካል። ለመካነ ሰላምና ለአካባቢው ነዋሪ የመካነ ሰላም ሆስፒታል ቅርብ ነው።

4. የሕፃናት ስፔሻሊስት ወይም ከፍተኛ ምርመራ የሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች ወደ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይላካሉ። ኤም.አር.አይ. ካስፈለገ የት እንደሚነሣ የሚወስነውና የሚጽፈው የሚያክመው ሐኪም ነው።

ሲሄዱ የልጁን የክትባት ካርድ፣ የቀድሞ የምርመራ ውጤቶችን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችና የሪፈር ወረቀቱን ይያዙ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ የታደሰ መታወቂያዎን አይርሱ። የመድን ተጠቃሚነት የሪፈር ሥርዓቱን መጠበቅ ስለሚጠይቅ፣ ከድንገተኛ ሕመም በስተቀር ደረጃውን ዘልለው ቢሄዱ ወጪው በራስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

የመማር ችግር ያለበትን ልጅ በተመለከተ ከሕክምናው ጎን ለጎን የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህርና የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ፤ ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ድጋፍም ይጠይቁ። የሕክምና ቀጠሮ እስኪደርስ ልጁን ከትምህርት ገበታ ማስቀረት አይገባም።

ልጅ በሚጥል በሽታ ሲወድቅ

ልጁን ከእሳት፣ ከውኃና ከገደል ያርቁ። በጎኑ ያስተኙት፤ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ያድርጉ። በአፉ ውስጥ ማንኪያ፣ እንጨት ወይም ጣት አያስገቡ፤ ውኃም አያጠጡት። ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይረዳም፤ ሊያቃጥለውም ይችላል። በሽታው በመንካት ወይም በለሃጭ አይተላለፍም፤ ስለዚህ ልጁን ለመርዳት አይፍሩ። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ልጁ ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ጸበል የሚያስጠምቁ ወይም ዱዓ የሚያስደርጉ ቤተሰቦች መድኃኒቱን ከእምነታቸው ጋር ጎን ለጎን ማስቀጠል ይችላሉ። መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ግን ለሕይወት የሚያሰጋ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያቋርጡ።

ተዘውትረው የሚነሡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ልጄ በትምህርቱ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ የአንጎሉ እጥፋት ይሆን ምክንያቱ?
መልስ፦ ከልጁ ምስል ተነሥቶ እንዲህ ለማለት አይቻልም። በቅድሚያ ዐይኑ፣ ጆሮው፣ አመጋገቡ፣ እንቅልፉና የትምህርት ሁኔታው ይታይ።

ጥያቄ፦ የአንጎልን እጥፋት በመድኃኒት ወይም በልምምድ መለወጥ ይቻላል?
መልስ፦ ዋናው የእጥፋት ቅርጽ ከልደት በኋላ ብዙም አይለወጥም፤ የሚለውጠው መድኃኒትም የለም። የነርቭ ሕዋሳት ግንኙነት ግን በትምህርትና በልምምድ ዕድሜ ልክ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ ወንድሙ ጎበዝ ሆኖ እርሱ ለምን ተለየ?
መልስ፦ የአንድ እናትና አባት ልጆች በአንጎላቸውም ሆነ በፍላጎታቸው ይለያያሉ። ማወዳደር ልጁን ያሸማቅቃል፤ በሚችለው መጀመርና ያልቻለውን ቀስ በቀስ ማለማመድ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ምርመራው ከባድ የእጥፋት መዛባት አሳይቷል፤ ከዚህ በኋላ ምን ይደረጋል?
መልስ፦ እጥፋቱ ባይታረምም ልጁ የሚረዳበት መንገድ አለ። መንቀጥቀጥን በመድኃኒት መቆጣጠር፣ አካልን ማለማመድ፣ አመጋገብን ማስተካከልና እንደ አቅሙ ማስተማር ኑሮውን ያሻሽሉለታል። ሌላ ልጅ ለመውለድ ካሰቡ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ማጠቃለያ

የአንጎል እጥፋት በሰዎች መካከል የሚለያይ መሆኑና አንዳንዱ ልዩነት ከአስተሳሰብ ችሎታ ጋር መጠነኛ ግንኙነት ያለው መሆኑ በጥናት ታይቷል። ይህ ዕውቀት ለምርምር ጠቃሚ ነው፤ የአንድን ልጅ ዕድል ለመወሰን ግን አይውልም። በወላጅ እጅ ያሉት ነገሮች ሌሎች ናቸው፤ እነርሱም ከእርግዝና በፊት የሚወሰድ እንክብል፣ አዮዲን ያለው ጨው፣ በጤና ተቋም መውለድ፣ የተሟላ ክትባት፣ በወቅቱ የተጀመረ ሕክምናና ያልተቋረጠ ትምህርት ናቸው። የልጅዎ ዕድገት የሚያሳስብዎ ከሆነ በቅርብዎ ወዳለው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ዛሬውኑ ይሂዱ።